ማንን ፈርቶ፣ ከማን ጋር

ቅዳሜ ጠዋት መምህር ፍቅረሥላሴ አዲስ አበባ ውስጥ በሚያስተምርበት የግል ኮሌጅ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ቆሞ አገሮች ስለሚገቡት ኅብረት ያስተምራል፤ ልቡ ግን ሰበታ ነው። ኪሱ ውስጥ ያለው ስልክ በየጊዜው ይንቀጠቀጣል። የሚደውሉት የዕድሩ ሽማግሌ ኦቦ ሊቤ እንደሆኑ ሳያይ ያውቃል። እሳቸው ስልክ ያላነሳ ሰው ያልሰማ እንጂ ሥራ የያዘ አይመስላቸውም።

"አገሮች ለምንድነው የሚተባበሩት?" አለ፣ ማርከሩን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው እያቀያየረ። "ስለሚዋደዱ ነው? ሥርዓታቸው ስለሚመሳሰል ነው?"

የቅዳሜ ተማሪዎች ሳምንቱን ሙሉ ቢሮ ውለው የሚመጡ ናቸው። አንዱ አዛጋ።

"ኢትዮጵያንና ኬንያን ውሰዱ። አንዷ የዘውድ አገር፣ ሌላዋ ገና ከቅኝ ግዛት የወጣች፣ በምርጫ የምትመራ አገር። ሆኖም የመከላከያ ስምምነት ተፈራረሙ። ለምን? ሁለቱም ከሶማሊያ በኩል የሚመጣባቸውን የድንበር ጥያቄ ስለፈሩ። በኋላ ዘውዱ ወደቀ፣ ደርግ መጣ፣ እኛ ወደ ሞስኮ ዞርን፣ ኬንያ ከምዕራቡ ጋር ቀረች። ስምምነቱ ግን አልወደቀም። ፍርሃታቸው አንድ ነበራ!"

ስልኩ እንደገና ተንቀጠቀጠ። በጨርቁ ላይ ጫን አድርጎ ያዘው።

"አንዳንድ ምሁራን ደካሞች የሚሰባሰቡት ከሁሉም ኃይለኛ በሆነው ላይ ነው ይላሉ። ሌሎች ደግሞ ኃይል ብቻውን አያስፈራም ይላሉ። የሚያስፈራው ቅርብ ያለው፣ ሊጎዳ የሚችለው፣ ሐሳቡ የማይታመነው ነው። አንዳንዱ አገር ደግሞ ጭራሽ ከኃይለኛው ጎን ይሰለፋል፤ ቢያንስ እንዳይረግጠው።"

ኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠችው ሄመን፣ ባንክ የምትሠራ ነገረኛ ልጅ፣ እጇን አወጣች። "መምህር፣ ፈተና ላይ የትኛውን እንጻፍ?"

ክፍሉ ሳቀ። "ሁሉንም፣ ከነምክንያቱ" አላት።

"እሺ። ግን አንዱ አገር ሌላው ማንን እንደሚፈራ በምን ያውቃል?"

"ኤምባሲ የሚከፈተው ለምን ይመስልሻል? ለኮክቴል ግብዣ ነው?"

እንደገና ተሳቀ፤ እሱም በመልሱ ደስ አለው። ክፍለ ጊዜው ሳያልቅ አሰናበታቸውና ደረጃውን በሩጫ ወረደ።

ሚኒባሱ ከአየር ጤና ተነሥቶ ዓለም ገናን እስኪያልፍ ድረስ ጉልበቱን ማወዛወዝ አላቆመም። አጠገቡ የተቀመጡት ሴትዮ ቢቸግራቸው "ወንድሜ፣ ሽንትህ መጥቶ ከሆነ ንገረውና ያቁምልህ" አሉት። አፍሮ እግሩን ሰበሰበ። ብዙም ሳይቆይ ጉልበቱ በራሱ ጊዜ ጀመረ።

ያሳሰበው ነገር ሜዳ ነበር። ከቤቱ የቆርቆሮ አጥር ጀርባ ያለው፣ አባቱና እነ ኦቦ ሊቤ ዕድር ካቋቋሙበት ጊዜ ጀምሮ የሰፈሩ ለቅሶ ሁሉ የሚቀመጥበት ሰፊ ሜዳ። ወረቀት የለውም፤ ወረቀት የሚጠይቅም አልነበረም። አሁን ከተማው ሲያድግ በዙሪያው ሦስት ዕድሮች ተፈጠሩ፤ ወረዳውም ሜዳው ባለቤት አልባ ሆኖ ከሚቀር በዕድር ስም ካርታ ይወጣለታል አለ። ሦስቱ ሊቀመንበሮች ሐሙስ ይሰበሰባሉ፤ ሁለቱ የተስማሙበት ይጸናል።

አንደኛው እሱ ራሱ ሊቀመንበር የሆነበት፣ ሰው ነባሩ ዕድር የሚለው ነው። ሁለተኛው የነጋዴዎቹ ዕድር ነው። ሊቀመንበሩ የብረትና የሲሚንቶ ነጋዴው አቶ ዘርሁን ሲሆን የራሱ አስከሬን መኪና፣ የብረት ድንኳን፣ ሦስት መቶ አባወራ አለው። ሜዳውን ካገኘ አጥሮ አዳራሽ ሊሠራበት ነው። ሦስተኛው ከደቡብ መጥተው ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ የሚሠሩ የወንጌላውያን አማኞች ዕድር ነው፤ ትንሽ ነው፣ ሊቀመንበሩ ዕዝራ ይባላል።

ፍቅረሥላሴ እቤቱ ሲገባ መጀመሪያ የሄደው ወደ እናቱ አልጋ ነበር። ወይዘሮ አጸደ ከፋሲካ ወዲህ ልባቸው ደክሞ ተኝተዋል። አልጋቸውን በሜዳው በኩል ባለው መስኮት ሥር ያስደረጉት ራሳቸው ናቸው። የዕድሩ ሴቶች አለቃ ሆነው ሲኖሩ በዚያ ሜዳ ላይ እሳቸው ያላስተናገዱት ለቅሶ አልነበረም።

"ምን ተባለ?" አሉት።

"ሐሙስ ነው ያልኩሽ እማዬ።"

"ሐሙስን ማን አየ። የኔ ለቅሶ ከዚህ ሜዳ እንዳይወጣ። የሰው በር አንኳኩታችሁ፣ ደጅ ጠንታችሁ እንዳታስቀምጡልኝ። ሰማህ?"

"ሰምቻለሁ።"

"ስትሰማ እግርህን አታወዛውዝ፣ አልጋው ይነቃነቃል።"

ከውጭ የኦቦ ሊቤ ድምፅ መጣ። "አካም ጅርታ፣ ፍቅሬ! ስልክ የምትይዘው ለጌጥ ነው?"

"ነጋኣ ኦቦ፣ ደህና ነኝ። ክፍል ውስጥ ነበርኩ፤ ይግቡ።"

ኦቦ ሊቤ ከዕድሩ መሥራቾች በሕይወት የቀሩ ብቸኛው ሰው ናቸው። ቁጭ ሳይሉ ጀመሩ። "ዘርሁን ትናንት ፋብሪካዎቹ ሰፈር፣ እነ ዕዝራ ዘንድ፣ ታይቷል አሉ።"

"ይታይ። ዕዝራ ከእኛ ጋር ነው የሚሆነው። ምን ምርጫ አለው? ዘርሁን ሜዳውን ከያዘ የመጀመሪያው የሚዋጠው የእሱ ዕድር ነው። ሁለት ደካሞች ተባብረው አንዱን ኃይለኛ ይመክታሉ። ይሄ በዓለም ላይ ያለ ነው።"

"በዓለም ላይ ያለውን ተወውና ፋብሪካ ሰፈር ያለውን ንገረኝ። ሰውዬውን አነጋግረኸዋል?"

"ነገ እሄዳለሁ።"

ሚስቱ ያኔት ከጓዳ ብቅ አለች። "ኦቦ፣ እባክዎ ሂድ ይበሉልኝ። በእንቅልፉም ስብሰባ እየመራ አስቸገረኝ። 'ድምፅ እንስጥ' ብሎ ይቀሰቅሰኛል።"

እሁድ ከሰዓት ዕዝራን ቤቱ ደጃፍ አገኘው። በፋብሪካው የፈረቃ ኃላፊ የሆነ፣ አርባ ዓመት የሚሆነው፣ ቀስ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ከጸሎት ቤት የመጣበትን ኮት ገና አላወለቀም። ወንበር አወጣለት። ፍቅረሥላሴ ግን ብዙም አልተቀመጠበት፤ እየተነሣ እየተቀመጠ ዘርሁን ሜዳውን ሲያጥር የሚሆነውን አስረዳ። ያስከፍላችኋል አለ። በደንቤ ግቡ ይላችኋል አለ። እያደር ስማችሁ ይጠፋል አለ። እነ ዕዝራ ሊፈሩት የሚገባውን ሁሉ አንድ በአንድ ዘርዝሮ ነገረው። ዕዝራ አንገቱን እየነቀነቀ አዳመጠ።

"ገብቶኛል፣ መምህር። ሰዎቼን ላናግር። እንጸልይበትም።"

"መልካም። እኛ ጎረቤታሞች ነን። ከእኛ በላይ ማን ቅርባችሁ አለ?"

"እሱስ ልክ ነው" አለ ዕዝራ። "ከእናንተ የሚቀርበን የለም።"

ፍቅረሥላሴ ይህንን እንደ መልስ ቆጥሮ ወደ ቤቱ ሄደ።

በማግስቱ ማታ የአጵሎስ አባት ሞቱ። አጵሎስ ከዕዝራ ጋር የሚሠራ ሸማኔ ነው፤ አባቱ ለሕክምና ከሆሳዕና መጥተው ልጃቸው ጋ ሳሉ ነው ያረፉት። ወሬው ፍቅረሥላሴ ዘንድ ሲደርስ ሐዘንም ተሰማው፤ ከሐዘኑ ሥር ደግሞ ሌላ ነገር ብድግ አለ። አጋርነትን በአፍ መናገር ቀላል ነው፤ ደርሶ ማሳየት ሌላ ነው። ወዲያውኑ የዕድሩን ሰዎች ጠራ። ትልቁ ድንኳን ይውጣ አለ። አግዳሚ ወንበሮቹ፣ ድስቶቹ፣ ሃያ ጎልማሳ ይሂድ አለ። ቀጥሎም ማንም ያላሰበውን አሰበ።

"ጡሩምባው ይነፋላቸው።"

ኦቦ ሊቤ ቀና አሉ። "ጡሩምባ? አባላችን አይደሉም እኮ።"

"ለዚህ ነው ክብር የሚሆነው፣ ኦቦ። እንደ ራሳችን ሰው ቆጠርናቸው ማለት ነው።"

ኦቦ ሊቤ ትንሽ አሰቡ። "ክብሩስ ክብር ነው" አሉ በመጨረሻ።

ማክሰኞ ጎህ ሲቀድ ጡሩምባ ነፊው ከነባሩ ሰፈር ተነሥቶ እስከ ፋብሪካዎቹ ሰፈር ድረስ እየነፋ ሄደ። የለመደውን ነው ያለው፤ ሌላ አያውቅም። "የነባሩ ዕድር አባላት! የአጵሎስ አባት ስላረፉ፣ ቀብራቸው ስምንት ሰዓት ላይ ነው! የቀረ ይቀጣል!" በኪራይ ቤቶቹ በር በር ላይ ሰዎች ፎጣ እንደለበሱ ወጥተው አዩት።

ፍቅረሥላሴ ሲደርስ እነ ዕዝራ ሰማያዊ ሸራ ወጥረው ከጸሎት ቤታቸው የፕላስቲክ ወንበር ደርድረው ነበር። ሸራው አንድ ጎኑ ተቀዷል። ጎልማሶቹ "ይሄማ ፀሐይም አይከልል!" ብለው እየተጋገዙ አወረዱትና ትልቁን ድንኳን ተከሉ፤ በግንባሩ ላይ በቀይ ቀለም የዕድሩ ስም ተጽፎበታል። አንዱ በር ላይ ቆሞ ሰው አስቀመጠ። ሌሎቹ ሴቶቹን ከምድጃው አስነሥተው "እናንተ ዕረፉ፣ ዛሬ እኛ አለን" አሏቸው። መዝሙር ሊጀመር ሲል ኪቦርዱ የት ይቀመጥ እንደሆነ ልጆቹ የጠየቁት በር ላይ የቆመውን የነባሩን ሰው ነበር። ዕዝራ የራሱ ሰዎች ለቅሶ ላይ ወንበር ፍለጋ ሁለት ጊዜ ሲዞር ታየ። በስተመጨረሻ አጵሎስ አጠገብ መሬት ላይ ተቀመጠ።

አቶ ዘርሁንም መጣ። ብቻውን መጥቶ፣ ከኋላ ተቀምጦ፣ የአጵሎስን እጅ ጨብጦ "እግዚአብሔር ያጽናህ" ብሎ ሄደ። ፍቅረሥላሴ ከጀርባው እያየው "ባዶ እጁን!" አለ በልቡ፤ ከሳምንት ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ትከሻው ቀለል አለው።

ማታ እናቱ ጠየቁት። "እንዴት ዋላችሁ?"

"እንዳንቺ ጊዜ ነበር፣ እማዬ። ምንም ሳናጎድል።"

"እነሱስ ምን ሠሩ?"

"ማን?"

"ባለለቅሶዎቹ።"

"እነሱማ ምንም እንዲነኩ አላደረግንም" አለ በኩራት። ወይዘሮ አጸደ ወደ መስኮቱ ዞሩ። ደክመው ይሆናል ብሎ ብርድ ልብሱን አለበሳቸው።

ሐሙስ በወረዳው አዳራሽ ሰብሳቢዋ አጀንዳውን አንብባ ሦስቱን ሊቀመንበሮች አንድ በአንድ ጠየቀች። ፍቅረሥላሴ ሜዳው በነባሩ ዕድር ስም ሆኖ ለሁሉም ክፍት ይሁን አለ። ዘርሁን በነጋዴዎቹ ዕድር ስም ይሁን፣ አዳራሽ ተሠርቶበት ሁሉም በሥርዓት ይጠቀም አለ።

"አቶ ዕዝራስ?"

ዕዝራ ተነሣ። ማንንም አላየም። "የእኛ ዕድር ከአቶ ዘርሁን ሐሳብ ጋር ነው" አለና ቁጭ አለ።

ፍቅረሥላሴ የሰማውን ለመረዳት ጊዜ ወሰደበት። ሰብሳቢዋ ቃለ ጉባኤው ከሁለት ሳምንት በኋላ ወደ ከተማው እንደሚላክ፣ እስከዚያ ሐሳቡን የሚቀይር ዕድር ካለ ማመልከት እንደሚችል ተናግራ ዘጋች። ዘርሁን ሲወጣ "መምህሬ፣ አይክፋህ፤ አዳራሹ ላንተም ነው" ብሎ ትከሻውን መታ አደረገው።

ዕዝራን በር ላይ ደረሰበት። "ምን አደረግሁህ? ማክሰኞ ዕለት እኛ ነን ወይስ እሱ ነው የቀበረላችሁ?"

"እናንተ ናችሁ" አለ ዕዝራ። "ችግሩም ይኸው ነው። ልጠይቅህ፣ መምህር፤ የማክሰኞው ለቅሶ የማን ነበር?"

"የአጵሎስ ነዋ!"

"በጡሩምባ የናንተ ነው ተባለ። ድንኳኑ ላይ የናንተ ስም ነው ያለው። ሴቶቻችን ከገዛ ምድጃቸው ተነሡ። ማታ ሰዎቼ ቤቴ ሞልተው 'መቼ ነው ከነባሮቹ ጋር የተቀላቀልነው? ሳትነግረን ሸጥከን ወይ?' አሉኝ። አጵሎስ 'አባቴን የቀበረልኝ ዕድሬ ነው ለማለት እንኳ አልቻልኩም' ብሎ አለቀሰ።"

"እኛ እኮ ለክብር..."

"አውቃለሁ። ክፋት አይደለም። ግን ይሄን ያደረጋችሁት ሜዳውን ሳታገኙ ነው።"

"ዘርሁን ግን ከኛ አምስት እጥፍ ነው! እሱን አትፈሩትም?"

"እንፈራዋለን። ግን እሱ ወዲያ አስፋልቱ ማዶ ነው፤ ለቅሶ ሲኖር ይመጣል፣ እጅ ጨብጦ ይሄዳል። እናንተ ደግሞ ደጃችን ላይ ናችሁ።" ዕዝራ ኮፍያውን አደረገ። "ፈረቃዬ ደርሷል። ይቅርታ አድርግልኝ።"

ፍቅረሥላሴ አስፋልቱ ዳር ቀረ። ገልባጭ መኪናዎች አቧራቸውን እያለበሱት አለፉ። ቅዳሜ ሰሌዳው ፊት ቆሞ የተናገረው ሁሉ ቃል በቃል መጣለት፦ ቅርብ ያለው፣ ሊጎዳ የሚችለው፣ ሐሳቡ የማይታመነው። ለሠላሳ ተማሪ ሲያስተምረው ያ የሚያስፈራው አገር እሱ ራሱ ይሆናል ብሎ አላሰበም። ስዕሉ ላይ ሁልጊዜ ራሱን ያስቀመጠው ከደካሞቹ ጋር ነበር። ዘርሁንን ቀና ብሎ ሲያይ ኖሮ ከእሱ በታች ሰው መኖሩን ረስቷል።

እቤት ሲደርስ እናቱ ፊቱን አይተው መጋረጃውን ዝጋልኝ አሉት። ይህ ከመጠየቃቸው ይልቅ ከበደው።

ዘርሁን ሁለት ሳምንቱን አልጠበቀም። ማክሰኞ የጭነት መኪና መጥቶ የብረት ቋሚዎች ሜዳው ላይ አራገፈ። በሦስተኛው ቀን መግቢያው ላይ ዘበኛ ተቀመጠ። ወይዘሮ አጸደ በመስኮታቸው ብረቱ ሲመታ እየሰሙ ይባንናሉ። ፍቅረሥላሴ ከክፍል ወደ ቤት፣ ከቤት ወደ አጥሩ ይመላለሳል። ወረዳ ሁለት ጊዜ ሄደ፤ "ሁለት ዕድር ካላመለከተ አንችልም" አሉት። ኦቦ ሊቤ "እንግዲህ እኛም ዘርሁን ዘንድ እንግባ፤ ማን ይቀየመናል?" ማለት ጀመሩ። አንዳንዱ አባል ቀድሞ ሄዶ ተመዝግቧል ይባላል።

ዓርብ አመሻሽ ላይ ዕዝራ መጣ። ግባ ቢሉት አልገባም፤ አጥሩ ሥር ቆመ።

"የአንድ የፋብሪካችን ልጅ ሠርግ ነበረን" አለ፣ ብረቶቹን እያየ። "ሜዳው ላይ ወንበር ልንደረድር ብንሄድ ዘበኛው ከለከለን። አቶ ዘርሁንን ብጠይቀው ደንቡን አነበበልኝ። ፈቃድ ከሳምንት በፊት፣ የአምልኮ መዝሙርና ድምፅ ማጉያ ክልክል ነው ይላል። 'ስትደግፈኝ አላነበብከውም?' ብሎ ሳቀብኝ።"

በፍቅረሥላሴ ደረት ውስጥ ደስታ የሚመስል ነገር ዘለለ። አሁን እንተባበር፣ ሰኞ ጠዋት ወረዳ እንሂድ፣ ማመልከቻውን ዛሬ እጽፈዋለሁ... ሁሉም ምላሱ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ጥርሱን ነከሰ። እጁ አላርፍ ሲለው ኪሱ ከተተው።

"እናንተ ከእኛ የምትፈሩት ምንድነው?" አለ። "ያኔ ሳልጠይቅህ ነው የሄድኩት።"

ዕዝራ ከብረቶቹ ዞሮ አየው። "ብዙ ነው" አለ።

"ንገረኝ።"

"እኔ ብቻዬን የምናገረው አይደለም። ሰዎቼ ያንተን ስም ሲሰሙ ጡሩምባ ነው የሚሰማቸው። እሁድ ከጸሎት በኋላ ይሰበሰባሉ። ና። ብቻህን ና። ምንም ይዘህ እንዳትመጣ፣ ዳቦም ቢሆን።"

ኦቦ ሊቤ ይህን ሲሰሙ በትራቸውን መሬት ላይ መቱ። "መሥራቾቹ እኛ፣ ደጅ የምንጠና እኛ? ትላንት የመጡ ሰዎች ይዳኙን?"

"ይሄ ነው የሚያስፈራቸው፣ ኦቦ" አለ ፍቅረሥላሴ። "'ትላንት የመጡ' የምንለው።"

ሽማግሌው ተቆጥተው ወጡ። ደህና ዋል እንኳ አላሉትም።

እሁድ ከሰባት ሰዓት በኋላ ፍቅረሥላሴ በቆርቆሮ ጸሎት ቤቱ የመጨረሻ አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ሲወቀስ ቆየ። አንዲት ሴት ስለ ምድጃዋ ተናገረች። አንድ ወጣት ስለ ወረደው ሸራ ተናገረ። አጵሎስ ተነሥቶ መናገር አቃተውና ተቀመጠ፤ ያ ከሁሉም ባሰ። ተራው ሲደርስ ፍቅረሥላሴ ሰበብ አላቀረበም። ሜዳው በሁለቱ ዕድሮች ስም ይሁን፣ ለቅሷችሁን የምትጠሩት እናንተ፣ እኛ የምንመጣው ስንጠራ ብቻ ይሁን አለ። እናቱ መስኮት ሥር እንደተኙ፣ እዚያ ሜዳ ላይ መለቀስ እንደሚፈልጉም ሳይደብቅ ነገራቸው። ለዚህ ነው የምለምነው፤ ለእናንተ ብዬ ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆናል አለ።

"መልካም" አለ ዕዝራ። "አሁን ውጭ ጠብቀን።"

ወጣ። በሩ ከኋላው ተዘጋ። ከውስጥ ክርክሩ በሀድይኛ ቀጠለ፤ አንድም ቃል አይገባውም። አንድ ወፍራም ድምፅ ይጮኻል፣ የሴት ድምፅ ይመልስለታል፣ አንድ ጊዜ ስሙን የሰማ መሰለው። ድንጋይ ላይ ተቀመጠ፤ ተነሣ። ወደ በሩ ሁለት እርምጃ ሄደና ተመለሰ። ገብቶ አንድ ነገር ብቻ ቢጨምር፣ አንድ የረሳውን ነገር ቢያስረዳ...

ስልኩ ተንቀጠቀጠ። ያኔት ለእናቱ ደውላ ሰጥታቸው ነው።

"እህ?" አሉ ወይዘሮ አጸደ። ድምፃቸው ከትናንት ይልቅ ቀጥኗል።

"ገና ነው፣ እማዬ።"

"የት ነህ?"

"ደጃቸው ላይ።"

"አስገቡህ?"

"አስገብተውኝ አስወጡኝ። እየተነጋገሩ ነው።"

እናቱ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። "ታዲያ ቁም" አሉት። "ካልጠሩህ እንዳትገባ።"

በውስጥ ክርክሩ ድንገት ጸጥ አለ። ፍቅረሥላሴ ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ በሩን ማየት ጀመረ።